ከሰሉ የት ገባ?

ባለፈው ኅዳር ነው፤ የጎንደር ብርድ አጥንት ድረስ የሚዘልቅበት ሰሞን። እናቴ ቡናዋን ከአቦል እስከ በረካ አድርሳ የምድጃውን አመድ ትጠርጋለች። የእህቴ ልጅ አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀምጣ የዘጠነኛ ክፍል የኬሚስትሪ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ጥያቄው 12 ግራም ካርቦን ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ስንት ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገኛል የሚል ነበር። 12 ካርቦን ሲደመር 32 ኦክስጅን፣ 44። ጻፈችው፣ አሰመረችበት፣ ወደሚቀጥለው አለፈች።

«እንዲያው ግን» አለች እናቴ አመዱን እያየች፣ «ያን ሙሉ ማዳበሪያ ከሰል አንድደን አንድደን የተረፈን ይችው ናት። ሌላው የት ነው የሚገባው?»

ልጅቱ ከደብተሯ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ነደደ እኮ እማዬ። አለቀ» አለቻት።

እናቴ በመልሱ ረክታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። ልጅቱ ለእናቴ ጥያቄ የሚሆነውን መልስ ከደቂቃ በፊት በገዛ እጇ ጽፋዋለች። ደብተሯ ላይ ካርቦኑ አላለቀም፤ እንዲያውም ከአየር ላይ ኦክስጅን ጨምሮ ከብዶ ወጥቷል። ምድጃው ላይ ሲሆን ግን አለቀ። ሁለቱ ነገሮች አንድ ጭንቅላት ውስጥ ጎረቤት ሆነው ሳይተዋወቁ ይኖራሉ።

ልጅቱ ሰነፍ ብትሆን ነገሩ ባልደነቀኝ ነበር። ግን ጎበዝ ናት፤ ስሌት የማመጣጠን ጥያቄ ስትሠራ አጠገቧ መቀመጥ ደስ ይላል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ልጅቱ አየር ነገር መሆኑን አታምንም። ትጽፈዋለች፣ ትደምረዋለች፣ ፈተና ላይ ታመጣዋለች፤ አታምነውም። ከእሷ ጋር ደግሞ አብዛኞቻችን አለን።

ወደ ላይ የምታመለክተው ቀስት

በኬሚስትሪ መጽሐፍ ጋዝ ሲወጣ ከአጠገቡ ወደ ላይ የምታመለክት ትንሽ ቀስት ትደረጋለች። ይህች ቀስት ብዙ ጥፋት ሠርታለች ባይ ነኝ። ቀስቷን ያየ ተማሪ ዓይኑ አብሯት ከገጹ ይወጣል፤ «ሄደ» ማለት ነው። የሄደ ነገር ደግሞ ሒሳብ አይጠየቅበትም። ወደ ታች የምታመለክተው የዝቃጭ ቀስት እንዲህ ያለ ጣጣ የለባትም፣ ምክንያቱም ብርጭቆው ሥር የተኛውን ነጭ ነገር ሁሉም ያየዋል።

አበው «እሳት አመድ ወለደ» ይላሉ፤ ከኃይለኛ አባት ደካማ ልጅ ሲወጣ። ለሰው ይሆን ይሆናል፤ ለእሳት ግን ሐሜት ነው። አመድ የእሳት ዋና ልጅ አይደለም። ከሰል ውስጥ ከነበሩት መቃጠል ያልቻሉት እንደ ካልሲየምና ፖታሲየም ያሉ ማዕድናት ናቸው አመድ ሆነው የቀሩት። ዋናው ልጅ በመስኮት ወጥቷል፤ ከአባቱም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። 12 ኪሎ ንጹሕ ካርቦን ቢነድ 32 ኪሎ ኦክስጅን ከአየር ወስዶ 44 ኪሎ ጋዝ ይሆናል። ይኸን ለእናቴ ብነግራት ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ «ከሰሉ ነዶ ሲያበቃ ከበደ ነው የምትለኝ?» አዎ፣ እሱን ነው የምላት።

ጥያቄዋ ግን የዋዛ ጥያቄ እንዳልሆነ ላስታውስ። ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የሚባል የብራስልስ ሐኪም በትክክል ይኸንኑ ጠይቋል። 62 ፓውንድ የኦክ ከሰል አቃጥሎ 1 ፓውንድ አመድ ቀረው፤ 61ዱ የት ገባ? አልጠፋም አለ፤ ዕቃ ውስጥ ሊይዘው ያልቻለው «የዱር መንፈስ» ሆኖ ወጣ። ሰውየው የሞተው እ.ኤ.አ. በ1644 ነው፤ ሥራዎቹን ልጁ ሰብስቦ በ1648 አሳተመለት። ጎንደር ደግሞ በ1636 ነው የተቆረቆረችው። በፋሲል ዘመን አካባቢ አውሮፓ ውስጥ አንድ ሰው የእናቴን ጥያቄ ይዞ ምድጃ ሥር ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እናቴ በ400 ዓመት ዘገየች የሚል ካለ አልስማማም፤ ስንቱ የተማረ ሰው ጭራሽ ሳይጠይቀው ያልፋል።

የአምቦው ሚዛን

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ልጅቱን ቅዳሜ ገበያ ወሰድኳት። እዚያ የማውቃቸው ቅመም ነጋዴ አሉ፤ ግራም የሚቆጥር ዲጂታል ሚዛን አላቸው። ኮረሪማ ሲመዝኑ አንዲት ፍሬ እያነሱ አንዲት ፍሬ እየጣሉ ነው፣ ለራሳቸውም ለደንበኛም አያደሉም። ሚዛናቸውን የመረጥኩት ለዚሁ ነው። በመንገድ ላይ በፕላስቲክ የታሸገ አምቦ ውሃ ገዛን፤ ግማሽ ሊትሩን።

«እንግዲህ መዝኚው» አልኳት። እንደታሸገ አስቀመጠችው። ቁጥሩ ሲረጋ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከዚያ ክዳኑን ቀስ አድርጋ እንድታላላው ነገርኳት፤ በአንዴ ከተከፈተ ገንፍሎ ይፈስና ጨዋታው ይበላሻል። ጥቂት ታላላለች፣ «ፍስስ» ይላል፣ ታጠብቃለች፤ እንደገና ታላላለች። ነጋዴው ደንበኛቸውን ትተው ይመለከቱን ጀመር። ሲረጋጋ ጠርሙሱን ነቅነቅ አደረገችው፤ አረፋው ከሥር ተነሥቶ ወደ አንገቱ ወጣ፣ ክዳኑን አላላችለት። እንዲህ እያለች አረፋው እስኪሰንፍ ቆየች። በመጨረሻ ጠርሙሱንም ክዳኑንም አንድ ላይ ሚዛኑ ላይ መልሳ አስቀመጠች።

ሁለት ግራም ወርዷል።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ጠረጴዛውን በመዳፏ መዳበስ ነው። ደረቅ ነው። የጠርሙሱን ውጭ ዳበሰች፤ እሱም ደረቅ ነው። ክዳኑን ገልብጣ አየችው። ከዚያ ሚዛኑን ራሱን ጠረጠረችና ጠርሙሱን አንሥታ ዜሮ መሆኑን አረጋግጣ መልሳ አስቀመጠችው። ያው ነው። አንዳች ነገር አልተናገርኩም፤ እዚህ ላይ አዋቂ አፉን ከከፈተ ነገሩ ትምህርት ሆኖ ይቀራል። ውሃው እንዳለ ነው፣ ፕላስቲኩ እንዳለ ነው፣ ክዳኑ እንዳለ ነው። የወጣ ነገር ቢኖር ያ «ፍስስ» ያለው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ አየሩ ነው?» አለች። ድምጿ ውስጥ መልስ የመጠየቅ ሳይሆን የመከራከር ነገር ነበረው፤ «አዎ» እንዳልላት የምትፈልግ ይመስላል።

ከእኔ በፊት ነጋዴው ገቡበት። «ታዲያ ሁለት ግራም አየር በገንዘብ ሸጡላችሁ ማለት ነው! እኔ ኮረሪማውን ሁለት ግራም ባጎድል ሰው ሁሉ ይጮህብኛል።» ሳቅን። ግን ያሉት ነገር ኬሚስትሪ ነው። ጋዝ በግራም ይሸጣል፤ የጎደለው ግራም የሆነ ቦታ አለ፤ አሁን እነዚያ ሁለት ግራሞች በርበሬው፣ እርዱና ጥቁር አዝሙዱ መሐል ተበትነው እኛው እንተነፍሳቸዋለን።

ደብተር ላይ ያለው 44 ለምን ይህን ሥራ መሥራት እንዳቃተው ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ግን ማንም በእጁ አልያዘውም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ ለጋዝ ዓይን አይበጅም። ጋዝን የምናይበት ዓይን ሚዛን ነው። ላቯዚዬ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1789 የኬሚስትሪ መጽሐፉን ሲያወጣ ከሌሎቹ የበለጠበት ዋና ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። ሌሎቹም እሳት ያነድዱ ነበር፣ እሱ ግን ዕቃውን ዘግቶ ከማንደድ በፊትና በኋላ መዘነ፤ ምንም አልጎደለም።

ቤት ስንመለስ አየሩን ራሱን በሒሳብ መዘንነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ይሳሳል። እንደዚያም ሆኖ አንድ ሜትር ኪዩብ የጎንደር አየር ከ900 ግራም በላይ ይመዝናል። የእናቴ ሳሎን 4 በ4፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል ነው፤ 40 ሜትር ኪዩብ። ውስጡ ያለው አየር ከ35 ኪሎ በላይ ነው፤ ከኩንታል ሲሶ ይበልጣል። ልጅቱ ቁጥሩን ሁለቴ አሠራችኝ። በላያችን እስከ ሰማይ ጫፍ የተከመረው ሲደመር ደግሞ በየአንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 8 ቶን ያህል ነው። እዚህ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላውም በባሕር ዳርቻ 10 ቶን ያህል የሚሆነው ጭነት እዚህ በማነሱ ነው፤ ንፍሮ ቶሎ አልበስል ያላችሁ ባለሙያዎች የምትወቅሱትን እወቁ።

ግንቡ የያዘው አየር

እዚህ ከተማ የሚኖር ሰው ጋዝ ነገር መሆኑን ለማመን ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ፋሲል ግቢ መግባት ይበቃዋል። ያን ጥቁር ድንጋይ አንድ ላይ ይዞ ያቆመው ኖራ ነው። የኖራ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የአየር ነገር ነው።

100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ውሰዱ፤ ካልሲየም ካርቦኔት ማለት ነው። እቶን ውስጥ አግብታችሁ 900 ዲግሪ አካባቢ አቃጥሉት። የሚወጣው 56 ኪሎ ነው። መልኩ ብዙም አልተለወጠም፤ ሲገባም ድንጋይ፣ ሲወጣም ድንጋይ። «እሳት ካየው ምን ለየው» የሚለውን ተረት እዚህ ላይ ሚዛን ውድቅ ያደርገዋል። 44ቱ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወጥቷል። ከዚያ ግንበኛው ውሃ ያፈስበታል። 56ቱ 18 ኪሎ ውሃ ጠጥቶ 74 ይሆናል፤ ሲጠጣ ይጮኻል፣ ይተናል፣ እጅ ያቃጥላል፣ ዓይን ከነካም ያሳውራል። ኖራ ሲያበርዱ ልጆችን ማራቅ ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋዮቹ መሐል ይገባል። ሰው «ደረቀ» ይላል። የደረቀ ብቻ ቢሆን ክረምት ሲመጣ መልሶ በራሰ ነበር። የሚሆነው ነገር ኖራው ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ መሳቡ ነው። 74 ኪሎው 44 ኪሎ ጋዝ ይወስድና 18 ኪሎ ውሃውን ይለቅቃል፤ 100። ተመልሶ የኖራ ድንጋይ ሆነ። እቶኑ ላይ የበተነውን ያህል ከነፋስ ለቅሞ አስመለሰ። ይህ ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ፊቱ ቶሎ ይጠነክራል፣ የወፍራም ግድግዳ ልብ ግን ዓመታት ሊወስድበት ይችላል።

ልጅቱን እዚያው ግንቡ ሥር አቁሜ ይህን ስነግራት፣ ጣቷን በሁለት ድንጋዮች መሐል ባለው ነጭ መስመር ላይ አድርጋ «ታዲያ ይኼ አየር ነበር?» አለች። ከኖራው ክብደት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ አዎ። ያውም የዛሬ አየር አይደለም፤ ግንበኞቹ ሲሠሩና ከሠሩ በኋላ በነበሩት ዓመታት በከተማዋ ላይ ያለፈው አየር ነው። በሌላው ዓለም የጥንት ሕንፃ ኖራ ውስጥ የታሰረውን ካርቦን መርምረው የግንቡን ዕድሜ የሚገምቱ ባለሙያዎች አሉ፤ መሠረቱ ይኸው ነው።

የኖራ ድንጋይ የሚለቀውን ጋዝ መጀመሪያ በሚዛን የተከታተለው ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1750ዎቹ። ከድንጋዩ የሚወጣው አየር እኛ ከምንተነፍሰው የተለየ መሆኑን፣ ከሳንባችንም ከሚነድ ከሰልም የሚወጣው ያው መሆኑን አሳየ። የጎንደር ግንበኞች ይህን በቀመር አያውቁትም ነበር፤ በእጃቸው ግን ያውቁታል። እንዲያውም በጣሊያን ወረራ ዘመን ግንቦቹ በሲሚንቶና በብረት ተጠግነው ነበር፤ ከሕንፃው ጋር የማይስማማ ሆኖ ተገኝቶ በኋላ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ ግን የኖራን ያህል እርጥበት አያሳልፍም። የቀደሙት በዚህ በለጡን።

ጭስ የለውም የሚባለው ከሰል

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የጨዋታ ይመስላል። ግን «አለቀ» የሚለው ቃል ሰው ይገድላል፤ እኔን ዕንቅልፍ የነሣኝም በኋላ ሳስበው ይኸኛው ነው።

ብርድ ሲበረታ ከሰል ውጭ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ ፍም ሲሆን ወደ መኝታ ቤት ማስገባት እዚህ የተለመደ ነው። «ፍም ሆኗል፣ አይጎዳም» ይባላል። ከእንጨት ጋር ሲነጻጸር እውነት ይመስላል፤ እንጨት ያስነባል፣ ያስላል፣ ከቤት ያስወጣል። ጭስ ግን ያልተቃጠለ ብናኝ ነው፣ ጋዙ አይደለም። ፍም የሆነ ከሰልም እየነደደ ነው፤ እየነደደ ከሆነ ጋዝ እየለቀቀ ነው። ክፍሉ ሲዘጋና ኦክስጅኑ ሲያጥር ደግሞ አንዱ ካርቦን ሁለት ኦክስጅን የማግኘት ዕድሉ ይመነምናል፤ ባገኘው አንድ ኦክስጅን ይወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይይዘዋል። ራስ ያምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ዕንቅልፍ ዕንቅልፍ ይላል። የደከመው ሰው ደግሞ የሚያደርገው ጋቢውን ተከናንቦ መተኛት ነው።

በየዓመቱ ብርድ ሲገባ «በከሰል ታፍነው» የሚል ወሬ ጆሯችን ይገባል። ሰዎቹ ቸልተኛ ስለሆኑ አይመስለኝም። ያልታየን ነገር፣ ያልሸተተን ነገር፣ በሐሳባቸው «አልቆ» የሄደን ነገር ማን ይፈራል? መፍራት የሚጀምረው እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር እየተጨመረ መሆኑን ከማመን ነው። ሌሊቱን አንድ ኪሎ ከሰል ቢነድ ሦስት ኪሎ ያህል ጋዝ ክፍሉ ውስጥ ይለቀቃል፤ ከዚያ ውስጥ ትንሹ እንኳ ሞኖክሳይድ ከሆነ ለአንድ ቤተሰብ ይበዛል።

እናቴን «መርዝ ነው» ብዬ ለዓመታት ለምኛት ነበር፤ «እናቶቻችንም በዚሁ ነው የኖሩት» እያለች ታልፈኛለች። እውነቷን ነው፣ የእነሱ ሣር ቤት ግን በየቦታው ነፋስ ያስገባል፤ የዛሬው ብሎኬት ቤት በብረት በርና በመስታወት ጥርቅም ነው። ከአምቦው ወዲህ ግን ክርክሩን የያዘችው የልጅ ልጇ ናት፤ በኪሎ ነው የምታወራት። «እማዬ፣ ሦስት ኪሎ ነው የሚገባው» ትላታለች። እናቴ ሦስት ኪሎ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ሽንኩርት በኪሎ ስትገዛ ነው የኖረችው። ምድጃው አሁን ለቡና ብቻ፣ በሩ ተከፍቶ ነው የሚገባው። ብርዱን ግን ትወቅሰኛለች፤ ተጨማሪ ብርድ ልብስም ገዝቻለሁ።

ለመምህራን የምለው አለኝ፣ እንደ ወቀሳ እንዳይታይብኝ እንጂ። የጋዝ ትምህርት የሚጀመረው በቀመርና በትርጉም ነው፤ «ቁስ ማለት ቦታ የሚይዝና ክብደት ያለው ነገር ነው» ተብሎ ይጻፋል፣ ልጁ ይሸመድዳል፣ አየር ቁስ መሆኑን ሳይቀበል ሁለት ዓመት ስሌት ያመጣጥናል። ቤተ ሙከራ የለንም የሚል መልስ እሰማለሁ። የሌለበት ቦታ መኖሩን አውቃለሁ። ሚዛን የሌለበት ገበያ ግን አላየሁም፤ አምቦም የማይሸጥበት ሱቅ ጥቂት ነው።

የልጅቱ ታናሽ ወንድም ደግሞ ሰሞኑን ሌላ ጭቅጭቅ አንሥቷል። የተነፋ ኳስ ካልተነፋ ኳስ ይከብዳል ብትለው አሻፈረኝ ብሏል፤ «ያልተነፋውማ ነው የሚከብደው፣ ስትመቺው የት ይሄድልሻል? የተነፋው አይደል የሚበረው!» ብሎ በእግር ኳስ ዕውቀቱ ይከራከራል። በአንድ ቡርቱካን ተወራርደዋል። ኳሱንና መንፊያውን ይዘን ወደ ቅመም ነጋዴው እንሄዳለን፤ እሳቸውም አስቀድመው ያስጠነቀቁት ነገር ቢኖር ኳሱ ጭቃውን ታጥቦ ካልመጣ ሚዛናቸው ላይ እንደማይወጣ ነው።